አየሩ የሚጠፋው ቢጫው እጀታ ሲገፋ ብቻ ነበር

ሞተርሆማችን (ተሽከርካሪ ቤታችን) ሜዳ መንገድ ላይ፣ ፍሬን ሳልነካ፣ ከኋላ በኩል «ጭሽ» ማለት አበዛ። ድምፁን አውቀዋለሁ፤ ኮምፕረሰሩ የፍሬኑን የአየር ታንኮች ሞልቶ ባረፈ ቁጥር የአየር ማድረቂያው ያጠራቀመውን ውኃ የሚተፋበት ነው። ጤነኛ መኪና ላይ፣ ፍሬን ካልተረገጠ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል። የእኛው ግን አንድ ዘፈን ተጀምሮ እስኪያልቅ እንኳ ሳይቆይ ይደግመው ጀመር። ኮምፕረሰሩ ዕረፍት አጥቷል፤ የሚሞላው አየር በአንድ ቦታ እየወጣ ነው ማለት ነው።

ጌጁ ላይ ሁለት ጠቋሚዎች አሉ፤ አንዱ የፊቱን የአየር መስመር፣ ሌላው የኋላውን ያሳያል። ሁለቱም ከ125 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ተነሥተው ጎን ለጎን ወደ 100 ይወርዳሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ኮምፕረሰሩ ይነሣና መልሶ ይሞላቸዋል። ከዚያ እንደገና ይወርዳሉ። አንዱ ቀድሞ ሌላው ቢቀር ኖሮ ፍለጋዬ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። እኩል መውረዳቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት፤ በኋላ ነገሩን የፈታውም እርሱ ነው።

መኪናው 38 ጫማ ርዝመት ያለው፣ የዲዝል ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ በከባድ መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ ቤት ነው። የምንኖረው በኮሎራዶ፣ ዴንቨርን ተጠግታ ባለችው ኦሮራ ነው። ለእንጀራ የምነዳው ተሳቢ ሲሆን ይህኛው ግን የቤተሰብ ነው። በጁላይ መጀመሪያ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ወደሚካሄድበት ከተማ እናቴንና ልጆቹን ይዘን የምንሄደው በእርሱ ነው። እናቴ አውሮፕላን አትወድም፤ በዚህ መኪና ግን አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ፣ ቡናዋን በቆምንበት አፍልታ ትደርሳለች። ስለዚህ ፍሬኑ ለእኔ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሌላም ነገር አለ። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለግል ጉዞ የሚነዳ ሞተርሆም የንግድ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። እኛ የተሳቢ ሹፌሮች የአየር ፍሬን ፈተና ሳናልፍ መሪ አንይዝም። ያንኑ ፍሬን የያዘ፣ 13 ቶን የሚመዝን ቤት ግን እስከ ትናንት ትንሽ የቤት መኪና ሲነዳ የነበረ ሰው ዛሬ ገዝቶ ነገ ወደ ተራራ ሊወጣበት ይችላል። ከወገኖቻችን መካከልም እንዲህ ያለ መኪና የሚገዙ እየበዙ ነው፤ ደውለው የሚጠይቁኝም አሉ። ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በኢንተርስቴት 70 ሲወጣ የአይዘንሃወር ዋሻ 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዋሻው ወዲያም ወዲህም ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ ፍሬን ለበጠሰ መኪና የተዘጋጁ የጠጠር መውጫዎች መንገዱ ዳር ይታያሉ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሹፌር ያ መንገድ ምን እንደሚጠይቅ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

በቅድሚያ አንድ ፍርሃት ላስተካክል። አየር ሲያልቅ መኪናው ፍሬን አጥቶ አይፈተለክም። የኋላው ጎማ ፍሬን ውስጥ ኃይለኛ ሞላ (ስፕሪንግ) አለ፤ ሞላውን ጨቁኖ ፍሬኑን የሚያላቅቀው አየሩ ነው። አየሩ ሲሄድ ሞላው ይዘረጋና ጎማውን ይይዛል። ግፊቱ 60 ፒኤስአይ አካባቢ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው ይጮኻል፣ ቀይ መብራትም ይበራል። ከዚያም ሲያልፍ፣ በ45 እና በ20 መካከል፣ ቢጫው የማቆሚያ ፍሬን እጀታ (ሲገፋ ፍሬኑን የሚለቅ፣ ሲሳብ የሚያስይዝ) በራሱ ይወጣና መኪናው ይቆማል። አደጋው የሚቆምበትን ቦታ የምንመርጠው እኛ አለመሆናችን ነው። ዋሻ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ትከሻ የሌለው ኩርባ ላይ ሊሆን ይችላል። ቢጫው ከመውጣቱ በፊትም ሞላው በከፊል እየያዘ የኋላውን ፍሬን ሊያግል ይችላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቁልቁለት ላይ አይታመንም።

አየሩ የሚሄድበትን መንገድ በሐሳብ መከተል ያስፈልጋል። ከኮምፕረሰሩ ወጥቶ በማድረቂያው ያልፍና መጀመሪያ እርጥብ ታንክ ወደሚባለው ይገባል። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ኋላው ታንክ፣ አንዱ ወደ ፊቱ። በሁለቱም መግቢያ ላይ አየርን ወደ ፊት ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ አለ። አንዱ ወገን ቢበሳ ሌላው እንዲተርፍ የታሰበ ነው፤ ለሚፈልግ ሰውም ትልቁ ስጦታ ይህ ክፍፍል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የፊቱ ጠቋሚ ብቻ ከወረደ ቀዳዳው በፊቱ መስመር ነው። የኋላው ብቻ ከወረደም እንደዚያው። ማድረቂያው ቶሎ ቶሎ እየተፋ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ግን ሁለቱም ጠቋሚዎች ከቆሙ፣ እርጥቡ ታንክ ወይም ማድረቂያው ራሱ ነው፤ እርጥቡ ታንክ ብዙ ጊዜ ዳሽቦርድ ላይ የራሱ ጠቋሚ ስለሌለው የሚያሳብቅበት ይህ ብቻ ነው። ጠቋሚው ወርዶ ወርዶ 70 አካባቢ ሲደርስ ቀጥ ካለ ደግሞ ቀዳዳው ከፍሬኑ ውጭ ነው። ለመለከቱ፣ ለሹፌሩ ወንበርና መኪናውን ለተሸከሙት የአየር ከረጢቶች የሚሄደው አየር በመጠበቂያ ቫልቭ ስለሚያልፍ፣ ግፊቱ ሲወርድ ያ ቫልቭ ይዘጋና የቀረውን ለፍሬኑ ያቆየዋል።

ሁለቱ እኩል ሲወርዱስ? በብዙ ሞተርሆሞች ላይ የማቆሚያ ፍሬኑ አየር የሚያገኘው ከሁለቱም ታንኮች ነው። መሐል ላይ ያለው ቫልቭ ግፊቱ ከፍ ካለው ወገን ይቀበላል፤ ያ ወገን ትንሽ ሲወርድ ወደ ሌላው ይዞራል። ስለዚህ በማቆሚያ ፍሬኑ መስመር ላይ የሚገኝ ቀዳዳ ሁለቱን ጠቋሚዎች ጎን ለጎን ያወርዳቸዋል። ገና ከመኪናው በታች ሳልገባ የጠረጠርኩት ይህን መስመር ነበር።

ግፊት ወረደ ማለት ሁልጊዜ ቀዳዳ አለ ማለት አይደለም፤ ይህን ሳያውቁ ብዙ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች አይቻለሁ። ኮምፕረሰር የጨመቀው አየር ትኩስ ነው። ታንክ ውስጥ ያለው አየር 50 ዲግሪ ሞቆ ጌጁ 120 ቢያሳይና ሌሊቱን ወደ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ፣ አንዲት ትንፋሽ እንኳ ሳትወጣ ጠዋት 103 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ እንደገቡ ወዲያው መለካት ዋጋ የለውም፤ መኪናው ይረፍ፣ አየሩ ይቀዝቅዝ። በሌላ በኩል የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ለአንድ ወጥ (ተሳቢ ለሌለው) መኪና የሚፈቅደው፣ ሞተሩ ጠፍቶና ፍሬኑ ተለቆ፣ በደቂቃ 2 ፒኤስአይ መውረድን ነው፤ ፍሬን ተረግጦ ሲያዝ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው መውረድ በኋላ፣ 3። በደቂቃ 2 ማለት በሰዓት 120 ማለት ነው፤ ግፊቱ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ እየቀነሰ ቢሄድም። ፈተናውን ያለፈ መኪና ጠዋት ባዶ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም። ልኩ የወጣው መንገድ ላይ ላለ መኪና ነው፤ ኮምፕረሰሩ እየሠራ ሊተካው የሚችለውን ያህል ብቻ ይውጣ ነው የሚለው። እኔ በ2 አልረካም፤ ለቤተሰብ መኪና ከ1 በታች እፈልጋለሁ። ይህ የእኔ ልክ ነው፣ ሕግ አይደለም።

ከመኪናው በታች ስለመግባት የምለውን እባካችሁ አትዝለሉት። ይህ ቤት የተቀመጠው በአየር ከረጢቶች ላይ ነው። ከረጢቱ ወይም ቱቦው ድንገት ከተነፈሰ ሻንሲው በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከታች ያለ ሰው የሚተርፍበት ክፍተት አይቀርም። በዚህ መንገድ የሞቱ ሰዎች አሉ። መኪናውን ደረጃ የሚያስይዙት የሃይድሮሊክ እግሮችም ሰው ከሥር ሊገባባቸው የተሠሩ አይደሉም። እኔ ሻንሲውን በብረት መደገፊያ ሳላስደግፍ ጭንቅላቴን እንኳ አላስገባም። ፍሬኑ ተለቆ የሚደረግ ፍተሻ ከሆነ ደግሞ ጎማዎቹ ከፊትም ከኋላም ታኮ ያስፈልጋቸዋል፣ ቦታውም ሜዳ መሆን አለበት። ወጣት ሳለሁ አገር ቤት በከባድ መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ሹፌሩ ጋሼ መኪናው ሳይቆም አስቀድሞ የሚጠይቁኝ «ታኮው የት አለ?» ብለው ነበር። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እኔም ልጆቼን የምጠይቀው እርሱኑ ነው።

መጀመሪያ መኪናውን የወሰድኩት የሞተርሆም ጥገና ወደሚያደርግ አንድ ጋራዥ ነበር። በሁለተኛው ቀን ደውለው አየሩ እንዳልወረደ ነገሩኝ። ሞተሩን አጥፍተው፣ ቢጫውን እጀታ ስበው፣ ሰዓት ያህል ጠብቀው ጠቋሚዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። እውነታቸውን ነው። ግን እኔ አየር የሚያጣው መኪናው ሲሄድ ነው ያልኳቸው፤ ሲሄድ ደግሞ ቢጫው ተገፍቶ ነው። ፍሬኑ ተለቆ እንዲሞክሩት ለመንኳቸው። ሞከሩት፤ ከኋላው አክስል አጠገብ ካለው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ አየሩን ለኋላ ፍሬኖች ከሚያሳልፈው ሪሌይ ቫልቭ ማስተንፈሻ አየር እንደሚወጣ አገኙ። «ቫልቩ ይቀየር» አሉ።

እዚህ ላይ አላመንኩም። ሪሌይ ቫልቩ ከኋላው ታንክ ሁልጊዜ አየር ይደርሰዋል፤ ቢጫው ተገፋም ተሳበም ለእርሱ ለውጥ የለውም። የራሱ መዝጊያ ቢያረጅ ኖሮ ሁልጊዜ ያፈስ ነበር፣ የሚወርደውም የኋላው ጠቋሚ ብቻ ይሆን ነበር። የእኛው ግን ሁለቱንም ያወርዳል፣ ቢጫው ሲሳብም ዝም ይላል። አየር በማስተንፈሻው ወጣ ማለት ችግሩ እዚያው ነው ማለት አይደለም። ማስተንፈሻው በር ነው፤ በበሩ የወጣው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። መኪናውን መልሼ ወደ ቤት አመጣሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ነፋስ አልነበረም፤ ለጆሮ ጥሩ ቀን ነው። ሞተሩ እየሠራ ቀጭን ፉጨት መስማት ስለማይቻል፣ ከጋራዤ ኮምፕረሰር ቱቦ ዘርግቼ ታንኮቹን በእርጥቡ ታንክ ላይ ባለው መሙያ በኩል ሞላኋቸው። ሞልቼ ስጨርስ ቱቦውን ነቀልኩ። ይህ ዘዴ ጭስም ጩኸትም የለውም፤ ለዚህ ሥራ ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ነው። ባለቤቴ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ፣ መደገፊያዎቹን ዳግም ካየሁ በኋላ፣ ከአክስሉ አጠገብ ሆንኩ። በስልክ እንነጋገራለን።

«ግፊው» አልኳት፣ ታኮዎቹን ካረጋገጥኩ በኋላ።

እጀታው ሲገባ ሰማሁት፤ ወዲያው ከሪሌይ ቫልቩ ሥር ፉጨቱ ተነሣ።

«ስንት ደረሰ?»

«መቶ አሥራ ስምንት። መቶ አሥራ ስድስት። ሁለቱም አብረው ነው የሚወርዱት፣ እንደ ተያያዙ።»

ደቂቃ ቆጠርን፤ 6 ፒኤስአይ ሄደ። ከተፈቀደው ሦስት እጥፍ ነው።

«አሁን ሳቢው።»

የታመቀው አየር በአንድ ጊዜ ወጣ፣ ከዚያ ፉጨቱ ጠፋ። እርሷም ከላይ «ቆመ» አለች፤ እኔም ከታች ያንኑ ልል ነበር።

አየሩ የሚመጣው ከሞላው ቻምበር (በአየር ፍሬኑን ከሚያንቀሳቅሰው ጣሳ) እንደሆነ በዚህ ተረጋገጠ። የኋላው ቻምበር ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ወደ ገፊው ዘንግ ያለው በእግር ፍሬን የሚሠራው ሲሆን ከጀርባው ያለው ሞላው የተጨቆነበት ነው። በሁለቱ መካከል ዘንግ ያልፋል፣ በዘንጉ ዙሪያም አየር እንዳያልፍ የሚይዝ ጎማ አለ። ያ ጎማ ሲበላ፣ ቢጫው ተገፍቶ ሞላውን ለመጨቆን የገባው አየር ወደ ፊተኛው ክፍል ሾልኮ ያልፋል። ከዚያ በእግር ፍሬኑ ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ በሪሌይ ቫልቩ ማስተንፈሻ ይወጣል። ቢጫው ሲሳብ ከሞላው ክፍል አየሩ ስለሚወጣ የሚሾልክ ነገር አይኖርም። ጋራዡ በመጀመሪያ ምንም ያላገኘበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ቫልቩን ቢቀይሩት ደግሞ አዲሱም በዚያው ቀን ያፏጭ ነበር።

የቀረው ከግራና ከቀኝ የትኛው እንደሆነ መለየት ነበር። ቢጫው ተገፍቶ እንዳለ፣ የእግር ፍሬኑን ቱቦ ከአንዱ ቻምበር ፈታሁ፤ ወደ ገፊው ዘንግ የሚቀርበው ቱቦ ነው፣ ሌላው አይነካም። ቱቦው በተፈታበት የቻምበሩ ቀዳዳ ላይ ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጬ ረጨሁ። የግራው ዝም አለ። ወደ ቀኝ ስዞር ሳሙናም አላስፈለገም፤ ቱቦው ገና ሳይላቀቅ አየሩ ጣቴን ገፋው።

ቻምበሩን የቀየረው የከባድ መኪና ሜካኒክ ነው፤ ለእርሱ መተዉን የመረጥኩትም በምክንያት ነው። ሁለቱን ክፍሎች የሚያያይዘውን ቀለበት መፍታት ማለት ውስጥ ያለውን ሞላ መልቀቅ ማለት ነው፤ ያ ሞላ ሰው ይገድላል። ቻምበሩ ከመነካቱ በፊት ሞላው በረጅም ብሎን ይታሠራል፣ ከዚያም ሙሉ ዕቃው እንዳለ ይወርዳል እንጂ አይበተንም። አዲሱ ሲገዛም መጠኑ ብቻ አይበቃም። በአንድ ቁጥር ውስጥ ገፊ ዘንጋቸው አጭር የሚሄድና ረጅም የሚሄድ ዓይነቶች አሉ፤ ግራና ቀኙ ካልተመሳሰሉ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። እኛ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቀየርን፣ ዕድሜያቸውም እኩል ነበርና። ሜካኒኩ አዲሱን ዘንግ በአሮጌው ልክ ቆርጦ፣ የስላክ አጀስተሩን (ዘንጉን ከፍሬኑ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ማዕዘን ለክቶ አስተካከለ። ታሥሮ የነበረው ብሎን መፈታቱን ደግሞ እኔ ራሴ አየሁ፤ እርሱ ከተረሳ የማቆሚያ ፍሬን የለም።

ሌሎች ቦታዎችንም በዚያው ቀን ዞርኩ፤ አንድ ቀዳዳ ሲደፈን ሌላው ይሰማልና። የፊቱ ታንክ የውኃ ማራገፊያ በቀጭኑ ይተነፍስ ነበር፤ ገመዱን ሳብ ለቀቅ ሳደርገው መዝጊያው ላይ የተቀመጠው ቆሻሻ ተተፋና ዳነ። ባይድን ኖሮ ማራገፊያውን መቀየር ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል ነው፣ ታንኩ መጀመሪያ ባዶ እስከሆነ ድረስ። ከዳሽቦርዱ ሥር የመለከቱ ቱቦ መገጣጠሚያ ላይ ጥቂት አረፋ አገኘሁ። ቱቦውን አውጥቼ ጫፉን በቱቦ መቁረጫ ቀጥ አድርጌ ቆርጬ መልሼ አስገባሁት፤ ሰያፍ የተቆረጠ ጫፍ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ላይ በትክክል አይቀመጥም። የቤት ውኃ መስመር ቱቦና መገጣጠሚያ ለፍሬን አይሆንም፤ ለአየር ፍሬን ተብሎ የተፈቀደው በላዩ ተጽፎበት ይሸጣል። በቴፕ መጠቅለልም አልወድም፤ ቁራጩ ተበጥሶ ቫልቭ ውስጥ ከገባ ከቀድሞው የከፋ ነገር ያመጣል።

ማድረቂያውን የምታደምጡበት ጊዜም ለውጥ አለው። ኮምፕረሰሩ እየሞላ ሳለ ከማድረቂያው ሥር አየር የሚወጣ ከሆነ የመትፊያው ቫልቭ አልዘጋም፤ ቆሻሻ ወይም በዴንቨር ክረምት በረዶ ይዞታል። ሞልቶ፣ ተፍቶ፣ ከዚያም በኋላ መተንፈሱን ካላቆመ ደግሞ አየሩ የሚመለሰው ከእርጥቡ ታንክ ነው፤ መመለሻ የሚከለክለው ቫልቭ ደክሟል። የማድረቂያው ካርትሪጅ (እርጥበቱን የሚመጥጠው ዕቃ) በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንዴ ይቀየራል። ታንኮቹን ሳራግፍ ውኃ ብቻ ከወጣ ማድረቂያውን፣ ዘይት ከወጣ ኮምፕረሰሩን እጠረጥራለሁ። የደረቀ አየር በቀዝቃዛ አገር የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ቱቦ ውስጥ የገባ ውኃ በረዶ ሲሠራ ቫልቭ እንደተከፈተ ወይም እንደተዘጋ ይቀራል።

በእግር ፍሬን የሚደረገው ፍተሻ መቅረት የለበትም፤ ሲረገጥ ብቻ የሚከፈት ቀዳዳ ስላለ። የቻምበር ዲያፍራም (በአየር የሚገፋው ጎማ) የተሰነጠቀ እንደሆነ፣ ወይም የፊት ጎማ ቱቦ ከመሪው ጋር ሲዞር ተፋቅቆ እንደሆነ፣ እግር ፔዳሉ ላይ ካልሆነ ምንም አይሰማም። አጋዥ ሰው ከሌለ የመጥረጊያ እንጨት በወንበሩና በፔዳሉ መካከል ይበቃል። ባለቤቴ ግን እንጨቱን አትወደውም፤ እርሷ ረግጣ ይዛ ቁጥሩን ብትነግረኝ ይሻላል ትላለች፣ ልክም ናት። እንጨት የጠቋሚውን ፍጥነት አያወራም።

ከጥገናው በኋላ፣ አየሩ ቀዝቅዞ፣ ፍሬኑ ተለቆ ደቂቃ ቆጠርን፤ ጠቋሚው ከመስመሩ ለመነቃነቁ ዓይን ያጠራጥር ነበር። ረግጣ ስትይዘው 1 ፒኤስአይ እንኳ አልሞላም። አሁን ወደ ተራራ ከመውጣታችን በፊት ሁሌ የምናደርገው ይህን ነው። ታኮ ይቀመጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ቢጫው ይገፋል፣ ደቂቃ ይቆጠራል። ቀጥሎ ፔዳሉ ተይዞ ሌላ ደቂቃ። ከዚያ ቁልፉ ተከፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ እየተረገጠ አየሩ እንዲያልቅ ይደረጋል፤ ማስጠንቀቂያው ከ60 በፊት መጮኹ፣ ቢጫውም በራሱ መውጣቱ ይታያል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሥቶ ግፊቱ ከ85 ወደ 100 በ45 ሴኮንድ ውስጥ መድረሱን አያለሁ። ካልደረሰ ኮምፕረሰሩ ደክሟል፤ ቀዳዳ ሳይኖር መኪናውን ቁልቁለት ላይ አየር የሚያሳጣ ሌላ በሽታ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። የኋላው ግራ ጥግ ለሦስትና ለአራት ቀን ከቆመ ዝቅ ይላል። ከመጠበቂያው ቫልቭ ወዲያ ያለ የአየር ከረጢት ስለሆነ ፍሬኑን አይነካውም፤ ጠቋሚዎቹም ይህን ያረጋግጣሉ። ሳሙናውን በከረጢቱ እጥፋት ላይ ረጭቼ አረፋ አላየሁም፤ ስለዚህ የከፍታ መቆጣጠሪያውን ቫልቭ እጠረጥራለሁ። በመጪው ሳምንት ሻንሲውን አስደግፌ፣ ወደ ከረጢቱ የሚሄደውን ቱቦ ከቫልቩ ነቅዬ በመዝጊያ እደፍነዋለሁ። ጥጉ እንደዚያ ሆኖ ካልወረደ ቫልቩ ይቀየራል፤ ከወረደ ግን ከረጢቱን ወይም ቱቦውን ነው የምገዛው።